ከፈረሰ ቤት ወለል የሰራሁት የአልጋ ራስጌ፣ እንጨት ሻጩ፣ ማሽን ቤቱና ቀለሙ ሳይቀር

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ሌላውን እንደተመቻችሁ አንብቡት። ፈርኒቸር ቤት ለ1.50 አልጋ ራስጌው ብቻ፣ አልጋው ሳይጨመር፣ 28 ሺ ብር ተባልኩ፣ እሱም ውስጡ ቺፑድ ሆኖ ላዩ ስፖንጅና ጨርቅ የለበሰ ነው። እኔ የሰራሁት እንጨቱ፣ ማሽኑ፣ ቀለሙ፣ ብሎኑ፣ የዳማስ መኪናው ኪራይ፣ መርካቶ የበላሁት ሽሮ ሳይቀር ተደምሮ 10,200 ብር ወጣበት። የራሴን ድካም አልቆጠርኩም። ብቆጥረው ኖሮ ፈርኒቸር ቤቱ ርካሽ ሳይሆን አይቀርም ሃሃ።

ግን ይሄን ምጽፈው ስለ ብሩ አይደለም፣ ስለ እንጨቱ ነው። ምክንያቱም ይሄ ሁለተኛ ሙከራዬ ነው፣ የመጀመሪያው አሁንም በረንዳ ላይ ቆሞ የልብስ ማስጫ ሆኖ እያገለገለኝ ነው።

አምና ምን አደረግኩ፣ አንድ ጣውላ ቤት ሄጄ (ስሙን ተዉት) አዲስ የባህር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ። ቀጥ ያለ፣ ንጹህ፣ ሲያዩት ሚያምር ነበር። አንዱን ጫፍ ስይዘው ትንሽ እጄን ቀዝቀዝ አደረገኝ፣ ከበደኝም፣ እኔ ደሞ ከባድ እንጨት ጥሩ እንጨት ነው ብዬ ማምን ሰው ነበርኩ። ሻጩን "ደርቋል አይደል?" ስለው "ኧረ እህቴ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የቆየው" አለኝ። እሺ። ቸክዬ፣ አሸጋሽጌ፣ ቀለም ቀብቼ አቆምኩት፣ በሦስተኛው ሳምንት መሀለኛው ጣውላ እንደ ጣሪያ ቦይ ጎበጠ፣ በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ "ጧ!" ብሎ ተሰነጠቀ፣ ሌባ የገባ መስሎኝ ነበር የተነሳሁት።

በኋላ ገባኝ። እንጨት ሲደርቅ እኩል አይደለም ሚቀንሰው፣ በዕድገት ቀለበቱ (ግንድ ሲቆረጥ ሚታየው ክብ ክብ መስመር) ዙሪያ ሚቀንሰው ከመሀል ወደ ውጪ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚ ጣውላው ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ይጎብጣል። ባህር ዛፍ ደሞ በዚ ጠባዩ የታወቀ ነው። ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ አዲስ አበባን ያሞቀና ያቆመ ዛፍ ነው፣ ለማገዶ፣ ለግድግዳ፣ ለስካፎልዲንግ ማን ይተካከለዋል፣ ግን እርጥቡን አምጥቶ መኝታ ቤት ማስገባት ሌላ ነገር ነው። የሰለለ ይግባ የወፈረ ይግባ ችግሩ ውፍረቱ አይደለም፣ ውሃው ነው።

እናም ዘንድሮ አዲስ እንጨት አልገዛም አልኩ።

ፒያሳ አካባቢ በ2016 ብዙ ቤት ለኮሪደር ልማት እንደፈረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዛን ጊዜ ከነዛ ቤቶች የወጣ በር፣ መስኮት፣ ጣውላ በአይሱዙ እየተጫነ ሲሄድ አይቻለሁ፣ የት እንደሚሄድ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ የስራ ባልደረባዬ ነው "መርካቶ ሂጂ፣ ምናለሽ ተራ አልፈሽ ጠይቂ፣ አሮጌ እንጨት ሚሸጡ ሰዎች አሉ" ያለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ምናለሽ ተራን ለማታውቁ፣ ሰው የጣለው ነገር ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ ሚዘራበት ቦታ ነው፣ ከቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ፣ ከጎማ ጫማ፣ ከበርሜል ምጣድ ማስቀመጫ፣ የመዶሻው ጩኸት ራሱ ጆሮ ያደነቁራል። ከዛ ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ሰውየውን ያገኘናቸው። ታፔላ የላቸውም። ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ የተቀመጡ አባት ናቸው፣ እኛ ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው።

"ጋሼ፣ ለአልጋ ራስጌ ሚሆን ጣውላ ፈልጌ ነበር።"

"ለማን ነው የኔ ልጅ፣ ለሰርግ?"

"ኧረ ለራሴ ነው።"

"እንደሱ ከሆነማ ጥሩውን ውሰጂ" ብለው ተነሱ። (ለሰርግ ቢሆን የትኛውን ሊሰጡኝ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።)

ያሳዩኝ የወለል ጣውላ ነው። ወንድና ሴት ያለው፣ አንዱ በአንዱ የሚሰካካ፣ ላዩ በቀይ ሰም የጠቆረ። ልጅ እያለን አያቴ ቤት በእግራችን ብሩሽ አስረን እየጨፈርን የምንወለውለው አይነት ወለል። ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም፣ "ከኔ በፊት የተሰራ ቤት ነው" ነው ያሉኝ። ያስገረመኝ ክብደቱ ነው፣ አንሺው ብለውኝ ሳነሳው ቀለል ብሎ ከፍ አለ፣ ወንድሜም አንዱን በጣቱ መገጣጠሚያ ሲያንኳኳው "ኳ ኳ" አለ እንጂ እንዳምናው "ዱብ ዱብ" አላለም። ጋሼ ይሄን ሲያዩ ሳቁና "ደረቅ እንጨት ይመልስልሻል፣ እርጥብ እንጨት ይውጥሻል" አሉኝ። ይሄን ዓረፍተ ነገር አምና ማን በነገረኝ።

ዋጋው ላይ አንዱን 450 ብለው ጀመሩ፣ 350 ላይ ተስማማን፣ ዘጠኝ ጣውላ ወሰድኩ። ለቋሚው ሚሆን ከበር ጉበን የወጣ ወፍራም ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) ሁለት ጨመርኩ። ከክምራቸው ላይ ያነሳኋቸውን ሌላ ሁለት ጣውላ አይተው "ይሄ ምስጥ ነክቶታል" ብለው መልሰዋቸዋል፣ ዝም ብለው ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፣ እኔ አላየሁትም ነበር። ይሄን የተናገርኩት ለሳቸው ክብር ነው። ያልወደድኩት አንድ ነገር ቢኖር ግቢው ጣሪያ የለውም፣ እንጨቱ ላይ ላስቲክ ነው የጣሉበት፣ ክረምት ላይ ምትሄዱ ከሆነ ከታች ያለውን አትውሰዱ፣ ከመሀል አስወጡ።

አሁን ወደ ምስማሩ። ኡፍ።

ማሽን ቤቱ ገና ከበር ላይ ነው የመለሰን። መላጊያ ማሽን ያለው ልጅ ጣውላውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና "እህቴ፣ አንድ ምስማር ከገባ ምላጩ ተሰበረ ማለት ነው፣ ምላጩን ትከፍይኛለሽ?" አለኝ። ልክ ነው። የወለል ጣውላ እያንዳንዱ ተሸካሚ እንጨት ላይ ሲያልፍ ተመትቷል፣ ጭንቅላታቸው የተቆረጠና እንጨቱ ውስጥ የቀሩ ምስማሮች ደሞ በዓይን አይታዩም። ስለዚ ሁሉንም ቤት ወሰድነው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ወንድሜ እስከዛሬ ያማኛል። ሁለት ማታ ሙሉ በፒንሳና በመዶሻ ስንነቅል አመሸን። ዘዴ ከፈለጋችሁ የተበላሸ ስፒከር ፈታችሁ ማግኔቱን አውጡና በክር አንጠልጥላችሁ ጣውላው ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት፣ የተደበቀ ምስማር ጋ ሲደርስ ክሩ ዘንበል ይላል። በሱ ብቻ አስራ አንድ አገኘን። የጎረቤታችን እማማ ድምጹን ሰምተው በሩን ከፍተው አዩን፣ ኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ረጅም ጣውላ አዩ፣ "ልጄ፣ የሬሳ ሳጥን ነው እንዴ ምትሰሩት?" አሉ። አይደለም እማማ፣ የአልጋ ነው። "እሱም ያው ነው" ብለው ገቡ።

በሁለተኛው ስንሄድ ማሽን ቤቱ ተቀበለን፣ ግን ራሱም እንደገና በማግኔት አረጋገጠ፣ ጎበዝ ነው። እና እዚህ ጋ ነው ሙሉ አምስት ኮከብ ምሰጠው። የመጀመሪያው ጣውላ በማሽኑ በዛኛው ጎን ሲወጣ ያ ጥቁር ቀይ ሰም ጠፍቶ ውስጡ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው እንጨት ሆነ፣ ሽታው ደሞ ቤቱን ሞላው። እርሳስ ስትቀርጹ ሚሸት ሽታ አለ አይደል? እሱ ነው በቃ። ልጁ ፍቅፋቂውን አንስቶ አሸተተና "የሐበሻ ጥድ ነው ይሄ" አለ። በኋላ ሳነብ ፈረንጆቹ ራሱ የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ ነው ሚሉት፣ እርሳስ ይሰራበት ስለነበር። ምስጥም ብዙ አይደፍረውም፣ ለአጥር ካስማ የሚመረጠው ለዛ ነው፣ ከፈረንጅ ጥድ ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ ሌላ ዛፍ ነው።

ስድስተኛው ጣውላ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። አርባ ደቂቃ። ልጁ ቡና አስመጣልን፣ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብለው "አንቺ እንግዳ ነሽ" አለ። የምን እንግዳ፣ ደንበኛ ነኝ እንጂ፣ ግን ደስ አለኝ። ለጠቅላላው መላግና ጠርዝ ማስተካከል 1,400 ብር አስከፈለኝ። በእጅ መላጊያ እሞክራለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ከዚ ሁሉ ወጪ ውስጥ ዓይኔን ሳላሽ የከፈልኩት ይሄን ብቻ ነው። ምክንያቱም ሰም የነካው እንጨት ላይ ቀለም አይዝም፣ በብርጭቆ ወረቀት ላውጣው ካላችሁ ደሞ ሰሙ እየቀለጠ ወረቀቱን ወዲያው ይደፍነዋል፣ በማሽን ላዩን አንድ ሁለት ሚሊ ማንሳት ነው መፍትሄው።

አንድ ቁምነገር ደሞ። ሁለቱ የበር ጉበን ሞራሌዎች አሮጌ ቀለም ነበረባቸው፣ ተደራርቦ የተቀባ፣ አረንጓዴ ከስር ክሬም። እሱን በደረቁ እንዳትፍቁት። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ ሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ደሞ በተለይ ለህጻናት አደገኛ ነው። ኢትዮጵያም ቀለም ላይ የሊድ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ሚል ደንብ አላት፣ ግን ደንቡ ሚይዘው አዲሱን ቀለም ነው፣ የአያቶቻችንን በር አይደለም። እኔ በረንዳ ላይ፣ ማስክ አድርጌ፣ እንጨቱን በውሃ እያራስኩ ነው የፋቅሁት፣ የወጣውን ጭቃ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩ፣ የእህቴን ልጅ ሁለት ቀን ቤቴ እንዳትመጣ ከልክዬ ከእህቴ ጋር ተኮራርፈን ነበር።

አሰራሩ ብዙም ሚስጥር የለውም። ሁለት ቋሚ፣ ከላይ አንድ አግዳሚ፣ መሀሉ ላይ ጣውላዎቹ እየተሰካኩ በአግድም፣ ከኋላ ሁለት ማሰሪያ። ጣውላዎቹን እርስ በርስ በኮላ አላጣበቅኋቸውም፣ ሲሰፉና ሲጠቡ ሚንቀሳቀሱበት ይኑራቸው ብዬ፣ ኮላ የነካው ቋሚና አግዳሚው ሚገናኙበት ጋ ብቻ ነው። ስፋቱ 1.58፣ ፍራሹን በሁለቱም ጎን አራት አራት ሳንቲም ያልፋል፣ ከፍታው ከወለል 1.20። ከፍታውን ከመወሰናችሁ በፊት አልጋችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉና ጭንቅላታችሁ ሚነካበት ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የፈርኒቸር ቤቶቹ ራስጌ ብዙ ጊዜ ትራስ ከቆመ በኋላ የሚቀረው አንድ ጋት ነው፣ ለፎቶ እንጂ ለመደገፍ አይሆንም።

መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር ሀሳቤ። ወንድሜ ትራፓኖውን ይዞ አንዴ በሳው፣ ፊሸሩ (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ ሚይዘው ፕላስቲክ) ገባ፣ ብሎኑን ሲያጠብቅ ፊሸሩ ከነብሎኑ ባዶ ውስጥ ተሽከረከረ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው ባካችሁ፣ ይሄን ሁሉ ክብደት ራሳችሁ በላይ አትስቀሉ። እግር አውጥቼለት ወለል ላይ አቆምኩትና ከአልጋው ፍሬም ጋር ባለ 8 ሚሊ ብሎን በአራት ቦታ አሰርኩት። ከዛ ዞኮሎው (ግድግዳው ስር ያለው ጠርዝ) ጋ ሲደርስ ከግድግዳው አልገጥም አለ፣ ረስቼው ነበር፣ የእግሮቹን ጀርባ ከታች በመጋዝ ሰረጉድ አድርገን ፈታነው።

አሁን ደሞ ያሳበደኝ ክፍል፣ ቀለም።

ሀሳቤ የነበረው ሁሉንም ክሬም ልቀባው ነበር። ግን ያን ሽታና ያን ቀይ እንጨት ካየሁ በኋላ አልቻልኩም። ማሽን ቤቱ ያለው ልጅም "ይሄን በቀለም ከሸፈንሽው ኃጢአት ነው" ብሎኛል። ስለዚ መሀለኛውን ጣውላ በቨርኒሽ፣ ቋሚና አግዳሚውን ብቻ በክሬም ቀለም አልኩ። ቀለም ቤት ገባሁ (እሱም ስሙ ይቅር)፣ ሻጯ "ፕላስቲክ ቀለም ውሰጂ፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም። ሁለት እጅ ቀባሁ፣ አማረ፣ ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ሰው ላክሁ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የእንጨቱ ዓይኖች (ቅርንጫፍ የወጣባቸው ክብ ቦታዎች) ባሉበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ቡናማ ክብ ክብ ወጥቷል፣ ሻይ የፈሰሰበት ነጭ ነጠላ ነው ሚመስለው። ሦስተኛ እጅ ቀባሁበት። ተመልሶ ወጣ።

ነገሩ ምንድነው፣ የእንጨት ዓይን ውስጥ ያለው ሙጫና ቀለማም ፈሳሽ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ሲነካው እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል። ስንት ጊዜ ብትደራርቡ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ መታሸግ አለበት። ይሄን የነገረኝ ያው ማሽን ቤቱ ያለው ልጅ ነው፣ ደውዬለት ፎቶ ላክሁለት፣ ስቆ ስቆ "ጎመላካ ቀቢበት" አለኝ። ሸላክ የሚባለው ነው፣ በስፒርቶ ሚሟሟ። ዓይኖቹ ላይ ሁለት ጊዜ በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጌ፣ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጌ፣ ከዛ በዘይት ቀለም ቀባሁት። እስካሁን አንድም ነጠብጣብ አልወጣም።

የዘይት ቀለሙ ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። "የማያብረቀርቅ" ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ቤት ሄጄ ስከፍተው እንደ ሆስፒታል በር ያብረቀርቃል፣ ጣሳው ላይ ያለውን ሳላነብ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሻጯም ሳታረጋግጥ የሰጠችኝ እሷ ናት፣ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው። ከተከፈተ አንመልስም ተባልኩ። አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) ትንሽ አብዝቼበት አንዱ ቋሚ ላይ እንባ የመሰለ መፍሰስ አለ፣ ብርሃን በጎን ሲመጣ ይታያል። ደሞ ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ፣ ብርዱ፣ መስኮት ከፍቼ ባድርም አንዱ እጅ ሁለት ቀን ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ብትሰሩት ይሻላችኋል፣ እኔ ትዕግስት የለኝም።

አሁን አምስት ወር ሆኖታል። ጎብጧል ወይ? አልጎበጠም። ተሰንጥቋል ወይ? አልተሰነጠቀም፣ ክረምቱም አልፎ በጋ ገብቶ። አንደኛው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ የአንድ ብር ሳንቲም ማታስገባ ቀጭን ክፍተት መጥታለች፣ ያውም ኮላ ስላልነካት በነጻነት የተንቀሳቀሰች ናት። ስንገላበጥ አይንጫጫም። ቨርኒሹ ሽታውን ቀንሶታል፣ ይሄ ያናደደኝ ነገር ነው፣ ግን ጀርባውን አልቀባሁትም፣ በተለይ ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው ከሰዓት በኋላ ያ የእርሳስ ሽታ ይመጣል። አውቃለሁ፣ አንዱን ፊት ቀብቶ ሌላውን መተው ልክ አይደለም፣ እንጨቱ እርጥበት በአንድ ጎን ብቻ ስለሚስብ ሊያጎብጠው ይችላል፣ ማሽን ቤቱ ያለው ልጅም ተቆጥቶኛል። አዲስ እንጨት ቢሆን አላደርገውም ነበር።

ጀርባውን ያልቀባሁበት ሌላም ምክንያት አለ። ምስማር ስንነቅል አራቱ ጣውላዎች ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘን፣ ፩፣ ፪፣ ፬፣ ፯። ወለሉን የነጠፈው አናጺ ቁጥር እየሰጠ ነበር የደረደራቸው ማለት ነው። ማሽን ቤት ጀርባውን አታንሳብኝ ብዬ ለምኜ እነሱን በአንድ ፊት ብቻ አስላግሁ፣ ስገጥማቸውም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ነው ያደረግሁት፣ ከላይ ወደ ታች። ፫ የት እንደገባች አላውቅም። ምናልባት አንድ ሰው ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆናለች።

ድጋሚ እሰራለሁ ወይ ለምትሉ፣ እንጨቱንና ማሽኑን አዎ፣ ቀለሙን ግን ክፍያ ሰጥቼ ሰው አስቀባለሁ። እህቴ (ከታረቅን በኋላ) ለልጇ ባለ 90 ስሪልኝ ብላ ይዛኛለች። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ደውዬ ወለል አለ ወይ ስላቸው "ወለሉ አልቋል፣ ግን ባለ ሁለት ተካፋች በር ገብቶልኛል፣ ምስማሩ ጥቂት ነው" አሉኝ። ቅዳሜ ልናየው ነው፣ ማግኔቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።